ከጉልበት ቅየራ ቀዶ ጥገና በፊትና በኋላ፦ ለታካሚውና ለአስታማሚው የሚሆን መመሪያ

የጉልበት መገጣጠሚያ የጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ፣ የቅልጥም አጥንት የላይኛው ጫፍና ከፊት የሚጋርዳቸው የጉልበት ሎሚ የሚገናኙበት ቦታ ሲሆን፣ እነዚህ አጥንቶች እርስ በርስ የሚነካኩበት ገጽ ሁሉ ልም አጥንት በሚባል ለስላሳ ሽፋን የተለበጠ በመሆኑ ጤነኛ ጉልበት ያለ ሕመም ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። ይህ ሽፋን በዕድሜ ብዛት፣ በቆየ ስብራት ወይም የጅማት ጉዳት፣ በሰውነት ክብደት፣ አልያም ሩማቶይድ አርትራይተስን በመሰለ የመገጣጠሚያ ብግነት ምክንያት ተበልቶ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል፤ ጉልበቱ ያብጣል፣ ይወላገዳል፣ ሙሉ በሙሉ መዘርጋትም ያቅተዋል። የጉልበት ቅየራ ቀዶ ጥገና ለዚህ ደረጃ የሚታሰብ ሕክምና ነው። ቀዶ ሐኪሙ የተበላሸውን የአጥንት ገጽ በሚሊሜትር በሚለካ ውፍረት ቆርጦ ያነሣና በጭን አጥንት ጫፍ ላይ በአብዛኛው ከኮባልትና ከክሮሚየም ቅይጥ የተሠራ ሽፋን፣ በቅልጥም አጥንት አናት ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከታይታኒየም የተሠራ ዝርግ ብረት ያስቀምጣል፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ገብቶ የልም አጥንቱን ሥራ የሚሠራው ፖሊኢትሊን የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ሥራው በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይወስዳል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚቀየረው የአጥንቱ ገጽ ብቻ መሆኑን ታካሚውም አስታማሚውም ልብ ሊሉት ይገባል። ጉልበትን የሚዘረጉትና የሚያጥፉት ጡንቻዎች በማነከስ በተቆጠሩት ዓመታት የሳሱት የታካሚው የራሱ ጡንቻዎች ሆነው ይቀጥላሉ። ስለዚህ አዲሱ ጉልበት ምን ያህል እንደሚያገለግል በቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ ብቻ አይወሰንም፤ ከዚያ በፊት ባሉት ወራትና ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቤት ውስጥ የሚደረገውም እኩል ድርሻ አለው። በኢትዮጵያውያን ቤት ታማሚን ከአልጋ እንዳይነሣ መከልከልና የሚጠጣውን ውሃ እንኳ እተኛበት ማቅረብ የፍቅርና የአክብሮት መግለጫ ነው። ለዚህ ቀዶ ጥገና ግን ይህ እንክብካቤ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው ያመዝናል፤ በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚፈጠረው ጠባሳ ከጠነከረ በኋላ ያልተዘረጋን ጉልበት መዘርጋት፣ ያልታጠፈንም ማጠፍ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናልና።

ውሳኔው

ቀዶ ጥገናው የሚመከረው በራጅ ፊልም ላይ በሚታየው ብቻ አይደለም። ክብደት መቀነስ፣ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ የሕመም ማስታገሻና እንደ አስፈላጊነቱ በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ተሞክረው ሕመሙ አሁንም እንቅልፍ የሚነሣና ከቤት መውጣትን የሚከለክል ሲሆን ነው። ዕድሜ ብቻውን ምክንያትም ክልከላም አይሆንም። የተተካው መገጣጠሚያ ዕድሜ ብዙዎች ከሚፈሩት የረዘመ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ከ10 ሙሉ የጉልበት ቅየራዎች 8 ያህሉ ለ25 ዓመት እንደሚያገለግሉ አሳይቷል። በሌላ በኩል ከ5 ታካሚዎች 1 ያህሉ በውጤቱ ሙሉ በሙሉ እንደማይረካ በተደጋጋሚ ስለተዘገበ፣ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ታካሚው ከጉልበቱ የሚጠብቀውን ለሐኪሙ በግልጽ መናገር ይኖርበታል።

ይህ ነጥብ መንበርከክና ቁጢጥ ማለት የዕለት ኑሮ ክፍል ለሆነበት ሰው በተለይ ይጠቅማል። የተተካ ጉልበት በአብዛኛው ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ድረስ ይታጠፋል፤ ይህ ለመራመድ፣ ደረጃ ለመውጣትና ከወንበር ለመነሣት በቂ ሲሆን፣ ቁጢጥ ለማለት፣ ተረከዝ ላይ ለመቀመጥ ወይም ሙሉ ስግደት ለመስገድ ግን ብዙውን ጊዜ አይበቃም። ተንበርክኮ መጸለይ ብረቱን ባይጎዳውም ብዙዎች በጠባሳው ምክንያት ስሜቱ ስለማይመቻቸው ይተዉታል። በመስጊድ በወንበር ላይ ሆኖ መስገድ፣ በቤተ ክርስቲያንም በመቋሚያ ተደግፎ መቆም ወይም አረፍ ማለት ለታመመ ሰው የታወቀ አማራጭ በመሆኑ፣ ታካሚው ይህን አስቀድሞ ከሃይማኖት አባቱ ጋር ቢነጋገርበት ኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ይድናል።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ያሉት ወራት

የመጀመሪያው ሥራ የኢንፌክሽንን አደጋ መቀነስ ነው። በብረቱ ዙሪያ የሚፈጠር ኢንፌክሽን ከ100 ታካሚዎች 1 ወይም 2 ያህሉን ብቻ የሚያጋጥም ቢሆንም፣ ሲያጋጥም ተደጋጋሚ ቀዶ ጥገና፣ አንዳንዴም የተተከለውን ብረት ማውጣት ይጠይቃል። ስለሆነም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ የስኳር መጠን የሚያሳየውን ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ የተባለ ምርመራ ማድረግ ይኖርበታል፤ ብዙ ሐኪሞች ውጤቱ ከ8 በመቶ በላይ ከሆነ ስኳሩ እስኪስተካከል ቀዶ ጥገናውን ያራዝማሉ። የተበላሸ ጥርስ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የእግር ቁስል፣ በጣቶች መካከል የሚወጣ የፈንገስ ቁስል ሁሉ ቀድመው መታከም አለባቸው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቢያንስ ከ4 ሳምንታት በፊት ማቆም ይገባዋል፤ ኒኮቲን የደም ሥሮችን እያጠበበ የቁስልን መዳን ያዘገያልና። በጉልበት ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ የወሰደ ታካሚ መቼ እንደተወጋ ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ ከመርፌው በኋላ ባሉት 3 ወራት ውስጥ የሚደረግ ቅየራ የኢንፌክሽን አደጋው ከፍ ያለ በመሆኑ ቀጠሮው ሊገፋ ይችላል።

የደም ማነስም እንዲሁ ቀድሞ ይመረመራል፤ በብረት ማዕድን እጥረት የመጣ ከሆነ ለማስተካከል ሳምንታት ስለሚወስድ በመጨረሻው ሳምንት የሚገኝ የደም ማነስ የዘገየ ግኝት ነው። ታካሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ እንደ ዋርፋሪን ያሉ ደም አቅጣኞችን፣ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛቸውን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ እንዲሁም የባህል መድኃኒቶችን ጭምር በጽሑፍ ይዞ መቅረብ አለበት፤ የትኛው እንደሚቆምና የትኛው እንደሚቀጥል የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ ጎረቤት አይደለም። ጫት የሚቅም ሰውም ሳያፍር ለማደንዘዣ ሐኪሙ ይንገር፤ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚጨምር በመሆኑ ለሰመመን አሰጣጡ አስፈላጊ መረጃ ነው።

ስለ አመጋገብ በተለይ ለሚጾሙ ታካሚዎች ረዘም ያለ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ቁስል የሚድነውና ጡንቻ የሚገነባው በፕሮቲን በመሆኑ፣ በዚህ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በቀን ከ1.2 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን መመገብ ይመከራል፤ 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ይህ 72 ግራም ያህል ነው። እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ በማይበሉበት የጾም ወቅት ይህን መጠን ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከባቄላ፣ ከሽምብራና ከለውዝ ማግኘት የሚቻል ቢሆንም፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚበላ ሰው ግን በቀላሉ አይደርስበትም። በመሆኑም የቀዶ ጥገናው ቀን ከዐቢይ ጾም ወይም ከፍልሰታ ጋር እንዳይገጥም ማድረግ፣ ካልተቻለም ቀድሞ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ይሻላል፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን የምታቀልበት ሥርዓት አላትና። ረመዳንን የሚጾም የስኳር ታካሚም የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ስለሚለወጥ ያለ ሐኪም ምክር መጾም የለበትም።

እንቅስቃሴም ከአሁኑ ይጀመራል። በጀርባ ተኝቶ እግሩን እንደዘረጋ የፊት ጭን ጡንቻን ማጠንከርና 5 ሰከንድ ያህል ይዞ መልቀቅ፣ ተረከዝን አልጋው ላይ እያንሸራተቱ ጉልበትን ማጠፍና መዘርጋት፣ እግርን እንደተዘረጋ ጥቂት ከፍ አድርጎ ማውረድ፣ እያንዳንዳቸው 10 ጊዜ፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይሠራሉ። ክንድ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ በእጆች ኃይል ራስን ከመቀመጫው ከፍ ማድረግ ደግሞ በክራንች ወይም በዎከር፣ ማለትም አራት እግር ባለው መደገፊያ፣ ለመራመድ የሚያስፈልገውን የክንድ ጉልበት ያዘጋጃል። እነዚህን እንቅስቃሴዎች ሕመሙና ድካሙ ከመምጣታቸው በፊት የለመደ ሰው በኋላ ከአዲስ ትምህርት ይድናል።

ቤቱን ማሰናዳት

ታካሚው ወደ ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት የመኝታ ቤቱን፣ የመታጠቢያ ቤቱንና በመካከላቸው ያለውን መተላለፊያ አስታማሚው በክራንች እንደሚሄድ ሰው ሆኖ ይፈትሻቸው። የሚያንሸራትት ምንጣፍና አጎዛ፣ ወለል ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከፍ ያለ የበር ደፍ አደጋ ናቸው። ዱካ፣ በርጩማና ዝቅ ያለ ሶፋ ለብዙ ሳምንታት አይሆኑም፤ የሚያስፈልገው ሲቀመጡ ጉልበት ከዳሌ በላይ የማይወጣበት፣ መደገፊያና ክንድ ያለው ጠንካራ ወንበር ነው። ቁጢጥ ተብሎ የሚገለገሉበት መጸዳጃ ቤት ባለበት ግቢ ችግሩ ከሁሉ ይከብዳል፤ መሐሉ የተከፈተ ወንበር በጉድጓዱ ላይ ማቆም ወይም ከመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ መደብር የሚገኘውን ተንቀሳቃሽ የመጸዳጃ ወንበር መግዛት፣ እጅ የሚይዘውም ጠንካራ ብረት ግድግዳው ላይ ማስተከል ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚያልቅ ሥራ መሆን አለበት። ደረጃ ያለው ቤት ከሆነ አልጋው ለጊዜው ወደ ምድር ቤት ቢወርድ ይመረጣል።

ዋዜማውና ዕለቱ

በዋዜማው ማታና በዕለቱ ጠዋት ገላን በሳሙና ወይም ሐኪም ቤቱ በሰጠው ክሎርሄክሲዲን በተባለ ፀረ ተሕዋስ ፈሳሽ መታጠብ ተገቢ ነው፤ የእግርን ጸጉር በምላጭ መላጨት ግን በዓይን የማይታይ ጭረት እየፈጠረ ለኢንፌክሽን በር ስለሚከፍት አይፈቀድም። በአጠቃላይ መመሪያው ጠጣር ምግብ ከሰመመኑ 6 ሰዓት በፊት፣ ውሃ ደግሞ 2 ሰዓት በፊት የሚቆም ሲሆን፣ ወተት የተቀላቀለበት ቡናና ሻይ እንደ ምግብ ይቆጠራል። የማደንዘዣ ሐኪሙ የተለየ ትእዛዝ ከሰጠ የእሱ ይቀድማል።

ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሰመመን በወገብ በሚሰጥ መርፌ ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዘው ነው። ታካሚው ከቀዶ ጥገናው ክፍል ሲወጣ ስሜቱ ተመልሶ እንደረጋ፣ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ፣ በባለሙያ ድጋፍ ከአልጋ ወርዶ እንዲቆምና ጥቂት እርምጃ እንዲራመድ ይደረጋል። ዘመድ በዚህ ሰዓት «ገና ትናንት የተቀደደ ሰው!» ብሎ መቃወሙ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ቀድሞ መነሣት የደም መርጋትን፣ የሳንባ ምችንና የጡንቻ መሳሳትን እንደሚቀንስ የተረጋገጠ በመሆኑ አስታማሚው ከባለሙያው ጎን ሊቆም ይገባል።

ቤት ከተገባ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሁሉ የሚቀድመው ዓላማ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ነው። ሕመሙን የሚያቀል ስለሚመስል በርካታ አስታማሚዎች ከጉልበቱ ሥር ትራስ ያደርጋሉ፤ ይህ ጉልበቱ እንደታጠፈ እንዲደርቅ የሚያደርግ ትልቅ ስሕተት ነው። ትራሱ ወይም የተጠቀለለው ፎጣ የሚቀመጠው ከተረከዝ ሥር ሲሆን፣ ጉልበቱ በራሱ ክብደት ወደ ታች እንዲዘረጋ በቀን ብዙ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃዎች ይተዋል። ማጠፉም ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ በብዙ ታካሚዎች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱ ወደ 90 ዲግሪ፣ ማለትም ወንበር ላይ በትክክል እስከሚቀመጡበት ድረስ ይታጠፋል። እንቅስቃሴው ያማል፤ ማመሙም የተበላሸ ነገር መኖሩን አያመለክትም። ስለዚህ የታዘዘውን ማስታገሻ ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ መውሰድ፣ ከእንቅስቃሴው በኋላ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማድረግ ሥራውን ያቀልላል። ጠንካራ ማስታገሻዎች የሆድ ድርቀት ስለሚያመጡ ብዙ ውሃ፣ አትክልትና ተልባ ይረዳሉ።

የደም መርጋት፣ ማለትም በባት ውስጥ ባለ የደም ሥር ደም ተቋጥሮ መቅረቱ፣ የዚህ ጊዜ ዋና ሥጋት ነው። ለመከላከል የሚታዘዘው አስፒሪን፣ ሌላ የሚዋጥ መድኃኒት ወይም በሆድ ቆዳ ሥር የሚሰጥ መርፌ ታካሚው ደህና ነኝ ስላለ የሚቋረጥ አይደለም፤ የተባለው ቀን እስኪያልቅ ይወሰዳል። ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ በነቁበት ሰዓት ሁሉ የሚደረግ ነው። በዚሁ ምክንያት ያበጠውን እግር በወጌሻ ማሳሸት ፈጽሞ አይገባም፤ ባት ውስጥ የረጋ ደም ካለ ሲታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና። ወጌሻ ለዘመናት በሕዝብ ዘንድ አመኔታ ያተረፈ ባለሙያ ቢሆንም፣ ይህ ጉልበት የእሱ የሥራ ድርሻ አይደለም።

ቁስሉ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ይጠበቃል። ስፌቱ ወይም ስቴፕሉ በአብዛኛው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ቅቤ፣ ቅጠላ ቅጠልም ሆነ ቅባት አይደረግበትም። ጠበል መጠመቅ የሚፈልግ ሰው ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋና ሐኪሙ እስኪፈቅድ መጠበቅ አለበት።

ጥየቃን በሚመለከት ቤተሰቡ ቆራጥ መሆን ይኖርበታል። ጠያቂ ሲበዛ ታካሚው እንግዳ ላለማሳፈር ሲል እግሩን አጥፎ ለሰዓታት ይቀመጣል፣ የእንቅስቃሴ ሰዓቱ ያልፋል፣ ማረፍም አይችልም። ስለዚህ የጥየቃ ሰዓት መወሰንና ሲበቃ በአክብሮት መናገር የአስታማሚው ኃላፊነት ነው፤ ጠያቂም ከታካሚው ጋር ተነሥቶ በግቢው ውስጥ አብሮ ቢራመድ ከምንም ይበልጥ ይረዳዋል።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ

ከዎከር ወደ ከዘራ የሚደረገው ሽግግር በብዙዎች ዘንድ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይሆናል። ከዘራው የሚያዘው ቀዶ ጥገና ከተደረገበት እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ደረጃ ሲወጣ ደህነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወረድ የተሠራው እግር ይቀድማል። መኪና መንዳት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ የሚያፈዝ ማስታገሻ ከቆመና እግሩ ፍሬን በፍጥነት መርገጥ ከቻለ በኋላ ሊታሰብ ይችላል። የቢሮ ሥራም በዚሁ ጊዜ ገደማ ይጀመራል፤ ለረጅም ሰዓት መቆምን ወይም ሸክምን የሚጠይቅ ሥራ ግን 3 ወር ያህል ይፈልጋል። ስድስት ሳምንት አልፎ ጉልበቱ 90 ዲግሪ ያህል እንኳ የማይታጠፍ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪሙን ማማከር ይገባል፤ በሰመመን ጉልበቱን የማላቀቅ ሕክምና የሚሠምረው ቀድሞ ሲደረግ ነውና።

ከጠባሳው በውጭ በኩል ያለው ቆዳ መደንዘዝ፣ ሲራመዱ የሚሰማ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ማታ ማታ የሚብስ ሕመምና ለወራት የሚቆይ መጠነኛ እብጠትና ሙቀት የተለመዱ ናቸው፤ ጉልበቱ እስከ አንድ ዓመት ድረስ መሻሻሉን ይቀጥላል። በእግር መሄድ፣ ዋናና የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ይበረታታሉ፤ ሩጫና ኳስ ጨዋታ ግን ፕላስቲኩን ቶሎ ሊጨርሱት ስለሚችሉ ብዙ ሐኪሞች አይመክሯቸውም።

ለዚህ ሕክምና ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን በርካታ በመሆናቸው ሁለት ነገሮች አይዘንጉ። ረጅም በረራ የደም መርጋትን አደጋ ስለሚጨምር ብዙ ሐኪሞች ቢያንስ 6 ሳምንት መጠበቅን ይመርጣሉ፤ ቀድሞ መመለስ ግድ ከሆነ ስለ ደም አቅጣኝ መድኃኒት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር፣ በአውሮፕላኑ ውስጥም በየሰዓቱ ተነሥቶ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ የቀዶ ጥገናውን ዘገባ፣ የራጅ ፊልሞቹንና የተተከለውን ብረት ዓይነት፣ መጠንና መለያ ቁጥር የያዘውን ወረቀት ሳይቀበሉ አለመውጣት ነው። ከዓመታት በኋላ ጉልበቱ እንደገና መሠራት ቢኖርበት፣ አገር ቤት ያለው ሐኪም ትክክለኛውን መለዋወጫ የሚያዝዘው በዚህ ወረቀት ነው።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ደም የቀላቀለ ሳል የረጋ ደም ወደ ሳንባ መድረሱን ሊያመለክት ስለሚችል በዚያው ደቂቃ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው። እየጨመረ የሚሄድ የባት እብጠትና ሕመምም በዕለቱ መታየት አለበት። ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚዘልቅ ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ወይም መግል፣ እንዲሁም ሲሻለው ቆይቶ እንደገና የሚብስ ሕመም የኢንፌክሽን ምልክቶች ናቸው። ኢንፌክሽን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ ሳይሆን ከዓመታት በኋላም ከጥርስ፣ ከሽንት ወይም ከእግር ቁስል በደም ተጉዞ ብረቱ ላይ ሊያርፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ወይም ሌላ ፀረ ባክቴሪያ ገዝቶ መጀመር ከሁሉ የከፋው እርምጃ ነው፤ ሐኪሙ ከጉልበቱ በመርፌ ፈሳሽ ወስዶ ተሕዋሱን በላቦራቶሪ መለየት የሚችለው መድኃኒት ሳይወሰድ ሲሆን፣ አስቀድሞ የተወሰደ ጥቂት እንክብል ተሕዋሱን ሳይገድለው ከምርመራው ሊሰውረው ይችላልና።